የሳይንስ ሰዎች እነዚህን ካርቱኖች ለምን ይወዳሉ? ስለ ዌብኮሚክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዌብኮሚክ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በጋዜጣ ወይም በመጽሔት ሳይሆን በቀጥታ በኢንተርኔት የሚወጣ፣ በጥቂት ሣጥኖች ተከፋፍሎ አንድ ቀልድ ወይም አንድ ሐሳብ የሚያስተላልፍ ካርቱን ማለታችን ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። እዚህ የምንነጋገረው ግን ሒሳብን፣ ፊዚክስን፣ ኮምፒውተርንና የምርምር ሕይወትን መነሻ አድርገው ስለሚሣሉት ነው። ከእነዚህ ሁሉ የገነነው አሜሪካዊው ራንዳል መንሮ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሚያወጣው ኤክስኬሲዲ (xkcd) ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። መንሮ ፊዚክስ ያጠና ሰው ነው፤ በናሳ ላንግሊ የምርምር ማዕከል በሮቦት ሥራ ላይ ቆይቶ በ2006 ከዚያ ሲወጣ ሙሉ ጊዜውን ለካርቱኑ ሰጠ።

ሌሎችም አሉ። ሆርሄ ቻም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለ በ1997 የጀመረው ፒኤችዲ ኮሚክስ የተመራማሪዎችን ኑሮ ያሳያል። የዛክ ዋይነርስሚዝ ሳተርደይ ሞርኒንግ ብሬክፋስት ሲሪያል ከሥነ ሕይወት እስከ ፍልስፍና ይዘልቃል። ካናዳዊው ራያን ኖርዝ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ በዳይኖሰር ኮሚክስ ያንኑ ሥዕል እየደጋገመ የዳይኖሰሮቹን ንግግር ብቻ ይቀያይራል።

ሥዕሉ እኮ ልጅ የሣለው ይመስላል። ምኑ ነው የሚወደደው?

እውነት ነው፤ በኤክስኬሲዲ ውስጥ ያለ ሰው ማለት ክብ ራስና ጥቂት መስመሮች ማለት ነው። ዓይን የለውም፣ አፍ የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ልብስም አይታይበትም። ይህ ግን ከስንፍና የመጣ አይደለም። ፊት ስለሌለው አንባቢው የሚያየው ሐሳቡን ብቻ ነው፤ ያንን ባዶ ክብ በራሱ ወይም በሥራ ባልደረባው ፊት ይሞላዋል።

ነገሩ ሲጠይቅ ግን መንሮ የሚያፈሰው ድካም የሚያስገርም ነው። በ2013 "ጊዜ" በሚል ርእስ ያወጣው ሥራ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሰዎች በባሕር ዳርቻ ተቀምጠው የሚታዩበት አንድ ሣጥን ነበር። ሣጥኑ ግን መጀመሪያ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ከዚያም በየሰዓቱ ይለወጥ ጀመር። አራት ወር ገደማ ዘልቆ ሲያበቃ 3,099 ሥዕሎች ሆኖ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ለሳይንስ ልቦለድ ሥራዎች የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አገኘ። በታሪኩ ውስጥ ሌሊት ሲሆን የታዩት ከዋክብት በዘፈቀደ የተበተኑ ነጠብጣቦች አልነበሩም። ከ11 ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ሰማዩ የሚኖረውን መልክ ይዘው የተሣሉ ነበሩ፤ አንባቢዎችም ከከዋክብቱ አቀማመጥ ተነሥተው ታሪኩ የሚፈጸምበትን ዘመን አሰሉት። አንባቢው ይህን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ያመነ ሣዩ ብቻ ነው እንዲህ የሚደክመው።

ታዲያ የሚያስቃቸው ምኑ ነው?

በእኔ እምነት መልሱ ትክክለኛነት ነው። በሌላ ዓይነት ቀልድ ውስጥ ሳይንቲስት ማለት ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ የሚፈነዳ ብልቃጥ የያዘ ሰው ነው። በዚያ የሚስቀው ሌላው ሕዝብ ነው። በእነዚህ ካርቱኖች ውስጥ ግን ሥራው በትክክል እንዳለ ይቀመጣል፤ ቀልዱም ከዚያው ከሥራው ውስጥ ይወጣል።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። በ2011 የወጣው የኤክስኬሲዲ ቁጥር 882 ካርቱን እንዲህ ነው፦ አንዲት ሴት ጄሊ ቢን የተባለው ባለብዙ ቀለም ከረሜላ ብጉር ያመጣል ብላ እየጮኸች ትመጣለች። ሳይንቲስቶቹ ይመረምራሉ፤ ምንም ግንኙነት አያገኙም። "የሚያመጣው አንዱ ቀለም ብቻ ነው አሉ" ይባላል። ሳይንቲስቶቹ እንደገና ይነሣሉ። ወይን ጠጁን ይመረምራሉ፣ የለም። ቡናማውን፣ የለም። ሮዙን፣ የለም። ሣጥን በሣጥን 20 ቀለም ይመረመራል፤ 19ኙ ባዶ ሆነው አረንጓዴው ላይ ብቻ ግንኙነት "ይገኛል"። የመጨረሻው ሣጥን የጋዜጣ የፊት ገጽ ነው፦ አረንጓዴ ከረሜላ ከብጉር ጋር ተያያዘ፤ እርግጠኝነቱ 95 በመቶ።

ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ሲስቅ የሚስቀው ለምን እንደሆነ በሚገባ ያውቃል። በብዙ የምርምር ዘርፎች የተለመደው መለኪያ፣ ግንኙነት በሌለበት እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ከ5 በመቶ በታች ይሁን የሚል ነው። አምስት በመቶ ማለት ደግሞ ከ20 አንድ ማለት ነው። ስለዚህ እውነት የሌለበትን ነገር 20 ጊዜ ብትመረምሩ፣ ቢያንስ አንዴ የሐሰት "ግኝት" ላይ የመድረስ ዕድላችሁ 64 በመቶ ያህል ነው። መንሮ ሣጥኖቹን 20 ያደረገው ለዚህ ነው። አንድም አላጎደለም፤ አንድም አልጨመረም። ጋዜጣውም የተሳሳተው እንደ እውነተኛ ጋዜጣ ነው፤ 19ኙን ባዶ ምርመራዎች ትቶ አንዱን ብቻ ይዞ ይጮኻል።

በካርቱኑ ላይ የኮምፒውተር ማውስ ሲያርፍ የሚወጣ ተጨማሪ ጽሑፍ አለ። እዚያ ላይ ሳይንቲስቶቹ የአረንጓዴውን ምርመራ ደግመውት ምንም እንዳላገኙ ለመናገር ይጀምራሉ፤ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ሌላ የጋዜጣ ርእስ ያቋርጣቸዋል። በምርምር ሥራ የኖረ ሰው ይህን ሲያይ የሚሰማው እፎይታ ነው፤ ለዘመዶቹና ለጓደኞቹ ማስረዳት አቅቶት የኖረውን ነገር ሌላ ሰው አይቶታል። ስሜቱ "ይህ ሰው እኛ ቤት ገብቶ ነበር እንዴ?" የሚያሰኝ ነው።

ያንን የማያውቅ ሰውስ ይስቃል?

አብዛኛውን ጊዜ አይስቅም፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አያስፈልግም። ቅኔ የሚወድ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ወርቁን ያገኘ አድማጭ የሚደሰተው በስንኙ ውበት ብቻ አይደለም፤ ራሱ ፈልጎ በማግኘቱም ነው። በእነዚህ ካርቱኖችም ሣዩ ግማሹን ያቀርባል፣ ቀሪውን አንባቢው ከገዛ ዕውቀቱ ያመጣል፣ ሳቁ የሚመጣው ሁለቱ ሲገጥሙ ነው። ልዩነቱ፣ ቅኔ ወርቁ ላመለጠው ሰው ቢያንስ ሰሙን ይተውለታል። የስታቲስቲክስ ቀልድ ያመለጠው ሰው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። አንዱ ስልኩን አቀብሎ "እስቲ ይህን እየው" ብሎ በጉጉት ሲጠብቅ ሌላው ዝም ብሎ የሚመልስለት በዚህ ምክንያት ነው።

"ቀልድ ከተብራራ ሞተ" ይባላል። እዚህ ላይ ግን አልስማማም። የኤክስኬሲዲ አንባቢዎች እያንዳንዱን ካርቱን አንድ በአንድ የሚያብራሩበት ድረ ገጽ አቋቁመዋል፤ የከረሜላውን ማብራሪያ ያነበበ ሰው ሳቁ ቢያመልጠው እንኳ ስታቲስቲክሱ አያመልጠውም።

ይህ "እኛ እናውቃለን፣ እናንተ አታውቁም" ማለት አይሆንም?

የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚህ ዘውግ ውስጥ አንዱ የትምህርት ዘርፍ ሌላውን የሚንቅባቸው ቀልዶች ሞልተዋል፤ አብዛኞቹን አልወዳቸውም፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነበቡ ምንም የላቸውም። ይህንኑ አጉል ኩራት መንሮ ራሱ በ2008 ሥሎታል። የሶሲዮሎጂ፣ የሥነ ልቦና፣ የሥነ ሕይወት፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ሰዎች ተደርድረው፣ እያንዳንዱ ከጎኑ ያለውን "የአንተ ዘርፍ የእኔ ተግባራዊ ገጽታ ነው" ይለዋል። ፊዚክስ ጫፍ ላይ ቆሞ ሲደሰት፣ ከሩቅ ብቻዋን የቆመች የሒሳብ ሰው እስከ አሁን እንዳላየቻቸው ትነግራቸዋለች።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለው መልስ ግን በ2012 የወጣው ቁጥር 1053 ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። "ሰው ሁሉ ያውቀዋል" የምንለውን አንድ ነገር እናስብ። ማንም ይህን ይዞ አይወለድም፤ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ግን ሁሉም ይሰማዋል እንበል። በአሜሪካ በዓመት 4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ይወለዳሉ። ለ365 ቀን ሲካፈል በየቀኑ በግምት 10 ሺህ ሰው ያንን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው "ይህንን አላውቅም" ሲላችሁ ከመሳለቅ ይልቅ ከዛሬዎቹ 10 ሺህ ዕድለኞች አንዱ ስለሆነ ደስ ብሏችሁ አሳዩት ይላል። በኢትዮጵያም በዓመት የሚወለዱት ሕፃናት ቁጥር ከዚህ ብዙ የሚርቅ ስላልሆነ ስሌቱ ለእኛም ይሠራል። አላዋቂን መናቅ መጥፎ ጠባይ መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል፤ በማካፈል ስሌት ሲቀርብ ግን ቁጥር የሚወድ ሰው ልብ ውስጥ ይገባል። በየመማሪያ ክፍሉ ቢለጠፍ የምመኘው ይህንን ነው።

ከእነዚህ ካርቱኖች ዕውቀት ይገኛል ወይስ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ናቸው?

ይገኛል፤ አንዳንዴም ከመማሪያ መጽሐፍ የበለጠ። በሚያዝያ 2014 ሃርትብሊድ የተባለ የደኅንነት ክፍተት ይፋ ሆነ። ክፍተቱ የነበረው በጣም ብዙ ድረ ገጾች ምስጢራዊ ግንኙነታቸውን ለመጠበቅ በሚጠቀሙበት ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለ ሶፍትዌር ውስጥ ነው። ዜናው ሁሉ "የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ" ይል ነበር፤ ምን እንደተፈጠረ ግን ለተራው ሰው ያስረዳ ጥቂት ነበር። መንሮ በዚያው ሳምንት በጥቂት ሣጥኖች አስረዳው። አንዲት ልጅ ሰርቨሩን (ድረ ገጹን የያዘውን ኮምፒውተር) "አለህ? ካለህ 'ድንች' የሚለውን ባለ ስድስት ፊደል ቃል መልስልኝ" ትለዋለች (ቃሉ በእንግሊዝኛ ስድስት ፊደል ነው)። ይመልስላታል። ከዚያ "'ባርኔጣ' የሚለውን ባለ 500 ፊደል ቃል መልስልኝ" ትለዋለች፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ሰርቨሩ አይቆጥርም፤ አምኗት 500 ፊደል ይሰጣታል። ከሦስቱ ፊደላት ቀጥሎ በሰርቨሩ የማስታወስ ቋት (ሜሞሪ) ውስጥ የነበረው ሁሉ፣ የሌሎች ተጠቃሚዎች ጥያቄና ምስጢራዊ ቁልፍ ሳይቀር፣ ተከትሎ ይወጣል። ልጅቷ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። የሃርትብሊድ አሠራር ይኸው ነው። እዚህ ላይ ያልተነገረው የኮዱ ዝርዝር ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት በ2007 የወጣው ቁጥር 327ም በፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ትምህርት ቤት ለአንዲት እናት ስልክ ይደውላል፤ የልጇ ስም ሲመዘገብ የተማሪዎች መረጃ ጠፍቷል። እናትየው ለልጇ ያወጣችው ስም በውስጡ የተማሪዎቹን ሠንጠረዥ የሚሰርዝ የዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ትእዛዝ የያዘ ነው። ከውጭ የመጣን ጽሑፍ ሳያጣሩ ወደ ዳታቤዝ ማስገባት ምን እንደሚያመጣ ይህን ያየ ተማሪ አይረሳውም።

በ2016 የወጣው ረጅሙ የሙቀት ሠንጠረዥ ደግሞ ቀልድ በየመሐሉ ጣል ጣል ቢደረግበትም ዋና ሥራው ማሳየት ነው። የምድር አማካይ ሙቀት ከ22 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ የሄደበትን መንገድ አንባቢው ገጹን ወደ ታች እየሳበ ይከተላል። መስመሩ በሺሕ ዓመታት ውስጥ በዝግታ ይንቀሳቀሳል። መጨረሻው ላይ፣ በእኛ ዘመን፣ በአንዴ ወደ ቀኝ ይወረወራል። ያንን ሁሉ ርቀት በጣቱ ስቦ የመጣ ሰው ለውጡ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ፒኤችዲ ኮሚክስን ለምን እንዲህ ይወዱታል?

ብቻቸውን እንዳልሆኑ ስለሚነግራቸው። ጽሑፉን አንብቤ እመለሳለሁ ብሎ የጠፋ አማካሪ፣ "መቼ ነው የምትጨርሰው?" የሚል ቤተሰብ፣ ስብሰባ ላይ ነጻ ምግብ ስላለ ብቻ መገኘት፣ በሦስት ሳምንት ያልቃል የተባለ ምዕራፍ። አዲስ አበባም ስታንፎርድም ያለ የዶክትሬት ተማሪ እነዚህን ያውቃቸዋል። የምርምር ሥራ ለረጅም ጊዜ ውጤት የማይታይበት ሥራ ነው፤ ተማሪው ችግሩ የራሱ ስንፍና ይመስለዋል። የቻም ገጸ ባሕርያት ያንኑ ችግር ተሸክመው ሲታዩ ጥፋቱ ከሥራው ጠባይ የመጣ መሆኑ ይገለጥለታል። የላቦራቶሪና የቢሮ በሮች ላይ ተለጥፎ የሚታየውም ለዚህ ነው፤ የለጠፈው ሰው በኮሪደሩ ለሚያልፈው ባልደረባው "እኔም" እያለው ነው።

ሆን ተብሎ የተሳሳተ ሳይንስ ለምን ያስደስታቸዋል?

ዋይነርስሚዝ በአንድ ካርቱኑ ሕፃናት ቅርጻቸው ለአየር የተመቸው ወደ ጎረቤት መንደር ተወርውረው ዘራቸውን እንዲያስፋፉ ነው የሚል "ንድፈ ሐሳብ" አቀረበ። ከዚያ የተወለደው ባህፌስት የተባለው ዝግጅት በ2013 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። ተሳታፊዎቹ በማስረጃ፣ በሠንጠረዥና በስሌት የተደገፈ ግን ፈጽሞ ስሕተት የሆነ የዝግመተ ለውጥ ማብራሪያ ያቀርባሉ። ደስታው ስሕተቱ የት ላይ እንደተደበቀ በመለየት ነው። በእውነተኛ የምርምር ጽሑፍ ውስጥም የሚያስፈልገው ይኸው ችሎታ ነው።

ሁሉም ቀልድ ነው?

አይደለም። ስፒሪት የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ ሮቦት በጥር 2004 ማርስ ላይ ያረፈችው ለ90 የማርስ ቀናት ሥራ ነበር። ከስድስት ዓመት በላይ ሠራች። በ2009 አሸዋ ውስጥ ተቀርቅራ ቀረች፤ በጥር 2010 ናሳ ከዚያ ለማውጣት የሚደረገው ጥረት ማብቃቱን አስታወቀ። መንሮ በዚያው ሰሞን ያወጣው ካርቱን ስፒሪትን እንደ ልጅ ያስባታል፦ 90ው ቀን ሲያልቅ ወደ ቤት እንደምትመለስ ታምናለች። ሥራዋን ትጨርሳለች። ማንም አይወስዳትም። ምናልባት በደንብ አልሠራሁ ይሆናል ብላ እንደገና ትሠራለች፤ ዓመታት ያልፋሉ።

ማሽን ስሜት እንደሌለው ከማንም በላይ የሚያውቁት መሐንዲሶች ናቸው። ካርቱኑ ግን የነካቸው እነሱን ነው፤ ምክንያቱም ለዓመታት በየማለዳው ከዚያች ሮቦት የሚመጣ መረጃ የሚጠብቅ ሰው ፍቅር አይዘውም ማለት አይቻልም። ስለ ሳይንስ በሚጻፈው ውስጥ ይህ ስሜት ብዙ ጊዜ ይቀራል። እነዚህ ካርቱኖች አያስቀሩትም።

ቀልዶቹ ወደ ሥራው ዓለም ገብተዋል ይባላል፤ እውነት ነው?

አዎ። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ "አንቲግራቪቲ" የሚለውን ሞጁል (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ክፍል) የጠራ ሰው የኤክስኬሲዲ ቁጥር 353 ካርቱን በኢንተርኔት ማሰሻው ይከፈትለታል፤ ይህ ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ማትፕሎትሊብ የተባለው የግራፍ መሣያ ደግሞ ግራፎችን በመንሮ የእጅ አጣጣል የሚያወጣ ትእዛዝ አለው። 4942 ቁጥር የያዘችው አስትሮይድም መንሮ ተብላ በስሙ ተሰይማለች።

ወደ አማርኛ መተርጎም ይፈቀዳል?

ኤክስኬሲዲ የሚወጣው ክሪኤቲቭ ኮመንስ በተባለ ፈቃድ ሥር ነው። የሣዩን ስም እስከጠቀሳችሁና ለንግድ እስካላዋላችሁት ድረስ መተርጎምም ማሠራጨትም ትችላላችሁ። በእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ ላይ የቆሙትን መተው ይሻላል። የከረሜላው፣ የ10 ሺሁ ዕድለኞችና የሙቀት ሠንጠረዡ ግን በአማርኛ ምንም ሳይጎድላቸው ይቆማሉ፤ የሳይንስ ክበብ ያለበት ትምህርት ቤት ቢሞክራቸው ደስ ይለኛል። ሌሎቹ ሣዮች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ከየት ልጀምር?

ከቁጥር 1 አትጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ መንሮ በተማሪነቱ ደብተሩ ላይ የሞነጫጨራቸው ናቸው። ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ 303ንና 327ን፣ ከቁጥርና ከመረጃ ጋር የምትሠሩ ከሆነ 552ንና 882ን፣ የምታስተምሩ ከሆነ 1053ን አስቀድሙ። የሙቀት ሠንጠረዡ 1732 ነው፤ ሃርትብሊድ 1354። በኮምፒውተር ስታነቡ ማውሱን ሥዕሉ ላይ ማሳረፍ አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ የተሻለው ቀልድ እዚያ ነው ያለው። ቁጥር 404ን ፈልጋችሁ ገጹ አልተገኘም የሚል መልእክት ከመጣላችሁ ኢንተርኔታችሁ አልተበላሸም፤ 404 በኢንተርኔት የዚያው የ"ገጹ አልተገኘም" መልእክት ቁጥር ስለሆነ ሆን ተብሎ የተዘለለ ነው።